ለመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች ብቻ የሚገባ ተጫዋች ፎቶው ይሰቀላል ወይ? እኛ የወሰንንበት መንገድ

ሻይ ቤቴ ያለው ደሴ፣ ከሆጤ ሜዳ ብዙም ሳይርቅ ነው። የከፈተችው እናቴ ናት። እኔ ልጅ ሆኜ ብርጭቆ አጥብ ነበር። የሰፈራችን ቡድን ልጆች ከልምምድ በኋላ እዚህ ተቀምጠው ሻይና ቦምቦሊኖ ይላሉ። እኔ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ወሬያቸውን እሰማለሁ። ኋላ ላይ የቡድኑ ጸሐፊ አደረጉኝ። ኳስ መትቼ አላውቅም፤ የጨዋታ ደብተር ግን ከ20 ዓመት በላይ ይዣለሁ።

ግድግዳችን ላይ 11 ፎቶዎች ነበሩ። ቡድኑን ያገለገሉ፣ ጫማ የሰቀሉ ልጆች ናቸው። ሁሉም ቋሚ ተሰላፊ ነበሩ። አምና አንድ ሰው 12ኛ ይሁን የሚል ሐሳብ መጣ። ማሊያው 14 ቁጥር ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። ከ1991 እስከ 1999 ዓ.ም. ተጫውቷል። ከመጀመሪያው ደቂቃ የተሰለፈባቸውን ጨዋታዎች በጣቴ እቆጥራቸዋለሁ። የሱ ሥራ ሌላ ነበር። እየመራን 70ኛው ደቂቃ ሲደርስ አሰልጣኙ ዞር ብሎ ያየዋል። ልጁ ቱታውን ያወልቃል። ይገባል፣ ውጤት ያስጠብቃል።

የቀድሞው አምበላችን ሐሳቡን ሲሰሙ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «ሙሉ ጨዋታ ያልተጫወተ ሰው ከኔ ጎን ሊሰቀል ነው?» አሉ። ጋሼን እወዳቸዋለሁ፤ ጥያቄያቸውም ከክፋት የመጣ አይደለም። 90 ደቂቃ የሮጠ ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በጭብጨባ እንዳናልፈው ተስማማን። ቀጥሎ ያለው ያኔ የሄድንበት መንገድ ነው። የናንተም ቡድን፣ ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት የክብር ግድግዳ ካለው ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ጥያቄውን ለዩት

ይህን ያስተማረኝ የእህቴ ልጅ ነው። ያደገው ቦስተን ነው። ሊጠይቀን መጥቶ ክርክሩን ሲሰማ «አክስቴ፣ ይሄ እኮ የፓፕልቦን ጉዳይ ነው» አለኝ። ፓፕልቦን ማነው? ቤዝቦል ምንድነው? ማታውን ሙሉ አስረዳኝ።

ቤዝቦል 9 ዙር አለው። በየዙሩ አንዱ ቡድን ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። 3 ሰው ከጨዋታ ውጭ ሲሆንበት የመቺው ቡድን ተራ ያልቃል። ጨዋታውን የጀመረው ወርዋሪ ክንዱ ሲዝል ተተኪ ይገባል። ከተተኪዎቹ ውስጥ የመጨረሻውን ዙር እንዲዘጋ የሚጠራው ክሎዘር ይባላል። እኛ ሻይ ቤት ውስጥ «በር ዘጊ» አልነው።

ጆናታን ፓፕልቦን ለቦስተን ሬድ ሶክስ ከ2005 እስከ 2011 የተጫወተ በር ዘጊ ነው (የቤዝቦሉ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። 219 ጊዜ ጨዋታ ዘግቷል፤ በክለቡ ታሪክ ከዚያ በላይ የዘጋ የለም። ጡረታ ከወጣ በኋላ ስሙ በ2022 ታላላቅ ተጫዋቾች ለሚከበሩበት ለአገር አቀፉ የዝና አዳራሽ ድምፅ ቀረበ። ለመግባት 75 በመቶ ያስፈልጋል። እሱ ያገኘው 1.3 በመቶ ነው። ከ5 በመቶ በታች ያገኘ ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣልና በዚያው ወጣ። በ2024 ደግሞ ሬድ ሶክስ በራሱ ቡድን የዝና አዳራሽ አስገባው።

ሁለቱ ውሳኔዎች አይጣሉም። አገር አቀፉ አዳራሽ «ከዘመኑ ሁሉ ታላላቆች አንዱ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። በር ዘጊ ሆኖ እዚያ መግባት ይቻላል። የኒውዮርክ ያንኪስ ማሪያኖ ሪቬራ 652 ጨዋታ ዘግቶ በ2019 በሙሉ ድምፅ ገብቷል፤ እንደዚያ የገባ የመጀመሪያው ሰው ነው። የቡድን ግድግዳ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። «ይህ ሰው በዚህ ማሊያ ምን ሠራልን? እሱ ባይኖር ምን ይጎድለን ነበር?» ነው።

እኛ ስንከራከር ሁለቱን ስናደባልቅ ነበር። አንዱ «ለክልል እንኳ ተመርጦ አያውቅም» ይላል። እውነት ነው፣ አልተመረጠም። ግን ግድግዳው የክልል ግድግዳ አይደለም። ይህን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ በትልቁ ጻፍኩት፤ ክርክሩ ሲያፈነግጥ ገጹን እገልጥላቸው ነበር።

ማን ለውይይት ይቅረብ?

እዚህ ላይ ጊዜ አታጥፉ። የሬድ ሶክስ ደንብ አንድ ተጫዋች ቢያንስ 3 ዓመት ለቡድኑ የተጫወተ፣ ከተጫዋችነት ከወጣም ቢያንስ 3 ዓመት የሞላው እንዲሆን ይጠይቃል። እኛም እንዳለ ወሰድነው። የመጀመሪያው 3 ዓመት አንድ ሰሞን አብርቶ የጠፋውን ያስቀራል። ሁለተኛው የሰሞኑ ስሜት እንዲበርድ ነው። 14 ቁጥር ሁለቱንም ካለፈ ቆይቷል።

ደቂቃውን ሳይሆን የተረከበውን ቁጠሩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ቀስ ብላችሁ ሥሩት።

የ14 ቁጥርን ደቂቃዎች ደመርኩ። የ9 ዓመቱ ሁሉ ተደምሮ የአምበላችንን የአንድ ዓመት ጨዋታ ያህላል። ጋሼ ይህን ሲያዩ «አላልኳችሁም?» አሉ። በደቂቃ ከሄድን ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። አሜሪካም ይህ ክርክር አለ። ቢሊ ዋግነር የሚባል በር ዘጊ በ16 ዓመት የወረወረው 903 ዙር ብቻ ነው። ብዙ መራጮች አነሰ አሉ። በ2016 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ 10.5 በመቶ አገኘ። በ2025፣ በ10ኛውና በመጨረሻው ዕድሉ፣ 82.5 በመቶ አግኝቶ አገር አቀፉ አዳራሽ ገባ። እነዚያ 903 ዙሮች አልጨመሩም፤ ሰው የሚያይበት ዓይን ነው የተቀየረው።

ታዲያ በምን እንቁጠር? ቤዝቦል ውስጥ ሴቭ የሚባል ነገር አለ። ከ1969 ጀምሮ በይፋ ይመዘገባል። ቡድኑ በ3 ነጥብ ወይም ከዚያ ባነሰ እየመራ የገባ ተተኪ፣ አንድ ሙሉ ዙር ወርውሮ ጨዋታውን በድል ከዘጋ ሴቭ ይጻፍለታል። ሌሎች መንገዶችም አሉት፤ የተለመደው ግን ይህ ነው። ጥሩ ቆጠራ ነው፣ ቀዳዳም አለው። በ3 ነጥብ እየመሩ መግባትና በ1 ነጥብ እየመሩ መግባት እኩል ይቆጠራሉ። እኩል አይደሉም። 3 ለ 0 እየመራን የሚገባ ልጅና 2 ለ 1 እየመራን፣ ኮርነር ሊመታብን ኳሱ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ሳለ የሚገባ ልጅ አንድ ሥራ አልሠሩም።

ሌላም አለ፤ የእህቴ ልጅ ሲነግረኝ በጣም የገረመኝ። አንድ ወርዋሪ የተጋጣሚን ሰዎች መንገድ ላይ፣ ነጥብ ለማስቆጠር በሚዞሩባቸው ማረፊያዎች ላይ፣ አስቀምጦ ይወጣል እንበል። ተተኪው ገብቶ እነዚያ ሰዎች ነጥብ ቢያስቆጥሩ፣ ነጥቡ የሚጻፈው በወጣው ሰው ስም ነው። ተተኪው አንቆ ቢያስቀራቸውም መዝገቡ የሚያምረው ለወጣው ነው። ዕዳ ወርሶ የገባ ሰው ዕዳውን ሲከፍል ስሙ ደረሰኙ ላይ የለም ማለት ነው። ይህን ስሰማ 14 ቁጥር ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ስንት ጊዜ ነው ሌላው አጥፍቶ በተሰጠ ቅጣት ምት ላይ የገባው?

ስለዚህ አዲስ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። እናንተም ይህን አድርጉ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ መስመር፦ የገባበት ደቂቃ፣ ሲገባ የነበረው ውጤት፣ ሲገባ የነበረው ችግር፣ ሲያልቅ የነበረው ውጤት። «ችግር» የሚለው ዓምድ አይቅር። እኔ እዚያ ላይ «10 ሰው ቀርተናል»፣ «በረኛው አነከሰ»፣ «ዝናብ»፣ «ኮምቦልቻ» እያልኩ ሞላሁት።

አዎ፣ «ኮምቦልቻ» ራሱን የቻለ ችግር ነው። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ግን ወደ 1850 ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐረጎን እየተጠማዘዙ ሲወርዱ ግን አገር የተቀየረ ይመስላል። ጠዋት በጉም ውስጥ ሹራብ ለብሰው የተሳፈሩ ልጆች እኩለ ቀን ላይ ያ ሙቀት ይቀበላቸዋል። 65ኛው ደቂቃ ላይ እግራቸው ይታሰራል። ያን ጊዜ ቡድኑን የሚይዘው ያልደከመው ሰው ነው። ከኮምቦልቻ ነጥብ ይዘን የተመለስንባቸውን ገጾች ስገልጥ 14 ቁጥር የሌለበት አንድ ብቻ አገኘሁ።

የፓፕልቦንም ትልቁ ቀን የከፍታ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 2007 ሬድ ሶክስ የዋንጫውን ፍጻሜ ያሸነፈው ዴንቨር ላይ 4 ለ 3 ነው። ዴንቨር 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ለአሜሪካ ቤዝቦል ይህ በጣም ከፍ ያለ ነው። አየሩ ሲሳሳ የተመታ ኳስ ርቆ ይበራል። ለደሴ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ከቆላ የሚመጣ በረኛ እኛ ሜዳ ላይ ከሩቅ የተመታ ኳስ ሲያመልጠው ስንቴ አይተናል! በዚያ አየር፣ በ1 ነጥብ ልዩነት፣ የመጨረሻዎቹን 5 ሰዎች ከጨዋታ ያስወጣው ፓፕልቦን ነው። መዝገቡ ላይ አንድ ሴቭ ነው። «ችግር» የሚለው ዓምድ ቢኖረው ግን ምን ያህል ይሞላ ነበር?

ደብተር ከሌላችሁ

እኔም ሁሉ የለኝም። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከተማውን ለቀን ስንወጣ 5 ደብተሮች ቤት ውስጥ ነበሩ። ታኅሣሥ ስንመለስ 3ቱን ከመደርደሪያው ሥር አቧራ ውስጥ አገኘኋቸው። 2ቱ የሉም። አለቀስኩ። ከጠፋው ነገር ሁሉ ትንሹ ነበር፣ ግን አለቀስኩ።

የጠፉትን ዓመታት በሰው ትዝታ መሙላት ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ሰዎቹን አንድ ላይ አትጠይቁ። ቡና ላይ ተሰብስበው ከሆነ፣ ድምፁ ጎላ ያለው ሰው ያስታወሰውን ሁሉም ያስታውሳል። ለየብቻ ጠይቁ። «ጎበዝ ነበር?» አትበሉም። «ሲገባ አንተ የት ቆመህ ነበር? ውጤቱ ስንት ነበር? ማን ወጣ?» በሉ። እኔ ሁለት ሰው የተስማማበትን በእርሳስ፣ ሦስት ሰው የተስማማበትን በእስክሪብቶ ጻፍኩ። አንድ ሰው ብቻ ያለውን አልጻፍኩም፤ ያ አንድ ሰው እኔ ብሆንም።

ጥፋቱን ቀድማችሁ ጻፉ

ወዳጆቹ ይህን አይወዱም። ግን ጥፋቱን እናንተ ካልጻፋችሁት ተቃዋሚው በስብሰባው መሐል ያነሣዋል፤ ያን ጊዜ ከሚገባው በላይ ይገዝፋል።

የ14 ቁጥር ጥፋት የታወቀ ነው። ኮምቦልቻ ላይ 2 ለ 1 እየመራን ገባ። በ10 ደቂቃ ውስጥ 2 ጎል ገባብን። ሁለተኛው በሱ እግር ሥር ያለፈ ነው። ያን ዓመት ዋንጫ ያጣነው በዚያ ነው። ወደ ደሴ ስንመለስ ሐረጎን እስክንጨርስ መኪናው ውስጥ አንድ ሰው አልተናገረም። ዛሬም ስሙ ሲነሣ መጀመሪያ የሚወራው ይህ ነው።

ፓፕልቦንም ሁለት እንዲህ ያሉ ቀኖች አሉት። በ2009 ከመደበኛው ውድድር በኋላ ባለው የጥሎ ማለፍ ዙር ከኤንጀልስ ቡድን ጋር፣ 6 ለ 4 እየመሩ 2 ሰው አስወጥቶ አንድ ብቻ ሲቀረው 3 ነጥብ አስቆጠሩበት፤ ቡድኑ 7 ለ 6 ተሸንፎ ከውድድር ወጣ። ከዚያ ቀን በፊት በዚያ ደረጃ ባሉ ጨዋታዎች አንድም ነጥብ ተቆጥሮበት አያውቅም ነበር። በ2011 ደግሞ በመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ቀን ባልቲሞር ላይ፣ አሁንም 2 አስወጥቶ አንድ ሲቀረው፣ 3 ለ 2 የነበረው 4 ለ 3 ተገለበጠ። ሬድ ሶክስ የጥሎ ማለፉን ዙር ሳያይ ቀረ።

አጥቂ በ10ኛው ደቂቃ ባዶ ጎል ቢስት ማን ያስታውሰዋል? ጊዜ አለ፣ ሌላው ያስተካክለዋል። በር ዘጊ ሲሳሳት ከኋላው ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ ጥፋቱ ከሁሉም ጥፋት በላይ ይታያል፣ ልፋቱ ደግሞ ከሁሉም ልፋት በታች። ይህን ማስተካከል የሚችለው ቆጠራ ብቻ ነው። በተረፉት 3 ደብተሮች ውስጥ 14 ቁጥር በ1 ጎል ልዩነት እየመራን የገባው 31 ጊዜ ነው። 27ቱን ይዞ ወጥቷል። 2ቱ አቻ፣ 2ቱ ሽንፈት ሆኑ። ይህን ጮክ ብዬ ሳነበው ቤቱ ጸጥ አለ። 27ቱን ማንም አያስታውሳቸውም ነበር።

ጠባይስ?

ይቆጠራል፤ ግን በናንተ ማሊያ የታየው ጠባይ ነው የሚቆጠረው። ፓፕልቦን በ2015፣ ዋሽንግተን ከሄደ በኋላ፣ የገዛ ቡድኑን ጓደኛ ብራይስ ሃርፐርን ተጠባባቂዎች የሚቀመጡበት ቦታ ላይ አንገቱን ይዞ ታግሏል። አስቀያሚ ነገር ነው። ዋሽንግተን ግድግዳዋ ላይ አልሰቅለውም ብትል እረዳታለሁ። ቦስተን ግን የፈረደችው የቦስተኑን ሰው ነው፤ ልክ ናት ብዬ አምናለሁ።

የኛ ልጅ በዚህ በኩል ቀላል ነበር። 9 ዓመት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ቀን አላጉረመረመም። ቢያጉረመርም ኖሮ እጽፈው ነበር።

ድምፁ

እኛ 7 ሆነን ነው የምንወስነው። 75 በመቶ ካልን 5 ሰው አይበቃም፤ 6 ያስፈልጋል። ሽምብራ «ይሰቀል»፣ ባቄላ «አይሰቀል» ሆነ። ሁሉም በጨርቅ በተሸፈነ ማሰሮ ውስጥ እጁን አስገብቶ ጣለ። 6 ሽምብራ፣ 1 ባቄላ። ጋሼ ወዲያው «ባቄላው የኔ ነው፤ ደብተሩ ላይ ጻፊው» አሉኝ። ጻፍኩት። ምክንያታቸውንም አብሬ ጻፍኩ፦ ሙሉ ጨዋታ መሸከም ሌላ ነው ይላሉ። የተቃወመ ሰው ቃሉ ተጽፎ ሲያይ ውሳኔውን ይቀበላል፤ ማግሥቱን መጥተው ሻያቸውን ጠጥተዋል።

በዚያው ቀን ሌላም ሰው ቀርቦ ነበር። የሰፈር ሁሉ ወዳጅ፣ እሱም ተቀያሪ። ሠንጠረዡ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የገባው 3 እና 4 ለ 0 እየመራን ነው። ድምፁ አልሞላለትም። እንዲህ ሲሆን ሰውየው ከሰው አፍ እንዳይሰማ። ስብሰባው እንዳበቃ እኔው ቤቱ ሄድኩ፤ ደብተሩን ይዤ። መስመሮቹን አንድ በአንድ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየና «እውነት ነው፣ እኔ የገባሁት ሲያልቅ ነው» አለኝ። ከባድ ነበር። ግን ደብተሩ ባይኖር ከዚህም ይከብድ ነበር።

አሰቃቀሉ

ከተወሰነ አታዘግዩት፤ ሰውየው በሕይወት እያለ ይየው። ከፎቶዎቹ ውስጥ ሥራውን የሚያሳየውን ምረጡ። የቡድን ፎቶ ላይ 14 ቁጥር ጥግ ላይ ነው፤ ፊቱ አይለይም። እኛ የመረጥነው መስመር ዳር ቆሞ፣ ቱታውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ሜዳውን የሚያይበትን ነው። ከሥሩ «14 ቁጥር፣ ከ1991 እስከ 1999፣ ተቀያሪ፣ ውጤት አስጠባቂ» ብለን ጻፍን። «ተቀያሪ» የሚለው ቃል ይግባ አይግባ መጀመሪያ ተከራክረን ነበር። ራሱን ስንጠይቀው «አስገቡት፤ ተቀያሪ ነበርኩ» አለ። አስገባነው።

የደሴ ሰዎች ከሆናችሁ ደግሞ ጉሙን አትርሱ። ፍሬም ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ እርጥበት ከኋላ ገብቶ ፎቶውን ያሻግተዋል። ከቀድሞዎቹ 11 ሁለቱ እንዲያ ሆነውብኛል። አሁን በየፍሬሙ ጀርባ በአራቱም ማዕዘን አንዳንድ ቆርኪ በማስቲሽ አጣብቃለሁ። አየር በመሐሉ ያልፋል። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ ሁሉንም አውርዳችሁ ጀርባቸውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ግማሽ ቀን ፀሐይ በማይመታው ደረቅ ቦታ አቆዩአቸው።